እናቴ ያስቀረቻት ግድግዳ

ዛሬ እናቴ ድጅኖ ያነሳ ግንበኛ ፊት ቆማ «መጀመሪያ እኔን አፍርሰኝ!» አለችው።

እዚህ ላሊበላ የተወለድኩበትን የድንጋይ ቤት አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራ ነው። ጣሪያው ሲወርድ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ሲወድቁ እናቴ ዳር ቆማ ስትመርቅ ነበር። አራተኛው ላይ ስንደርስ ነው የተለወጠችው።

ይሄኛው ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘውዴ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። እትዬ ዘውዴ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጠዋት ጠዋት እናቴ ግድግዳውን በዘነዘና ትመታለች፤ እሳቸውም ከወዲያ መትተው ይመልሳሉ። «ደህና አደርሽ?» «ደህና!» መባባላቸው ነው።

«እማዬ፣ ስልክ ገዝተንላቸው የለ እንዴ?» አልኳት።

«ስልክ ካርድ ያልቅበታል። ግድግዳ ምን ያልቅበታል?»

(መልስ ያለው ይርዳኝ።)

ግንበኛው እየሳቀ ድጅኖውን አስቀመጠ። እናቴ ድንጋይ አንስታ መታች። ዝም። ደግማ መታች።

ከወዲያ ተመታ፤ ድምፃቸውም ተከትሎ መጣ፦ «ኧረ አለሁ! አፈረሱት ብዬ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ሳለቅስ ነው የዋልኩት!»

እንግዲህ አዲሱ ቤታችን ሦስቱ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ አራተኛው እናቴ ናት።

እናንተ ሰፈርስ ጎረቤት ደህና ማደሩ የሚታወቀው በምንድን ነው?