ፒያስትራ ይዛ ያጠናችው ጥናት

ፀጉር ሠሪዋን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ቅር አይላትም። ቤቷ የገባች ሴት ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ደርቃ እስክትወጣ የመንደሩን ጉድ ሁሉ ትጠግባለች። ይህች ሴት በዚህ ዕድሜዋ የማታ ኮሌጅ ገብታ ማኔጅመንት ተማረችና መጨረሻ ላይ ጥናታዊ ጽሑፍ አምጪ ተባለች። ካላለፈች ምርቃት የለም። ልመረቅ ነው ብላ ያልነገረችው ዘመድ ደግሞ አልነበረም።

ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገረችም፦ «ደንበኞች ለምን ይቀራሉ?» ወንበሮቿ ባዶ መዋል ጀምረው ነበር። በተለይ አብሮ አደግ ጓደኛዋ መምጣት ማቆሟ ከንክኗታል። ዕቅድ አወጣች፣ መጠይቅ አዘጋጀች፣ ቀን ተሌት ጻፈች። ባሏ «ይሄ ሁሉ ወረቀት ስለ ፀጉር ነው?» ቢላት፣ «አንተ መላጣ፣ ምን አገባህ!» ብላ አባረረችው።

አማካሪዋ ልጅ እግር መምህር ነው። ረቂቁን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ሳቁ አፈነው።

«እትዬ፣ ሁሉም ደንበኛ እጅግ ረክቻለሁ ነው ያለው?»

«አንዲት ያጉረመረመች የለችም!»

«የት ሆነው ነው የጠየቋቸው?»

«ወንበሩ ላይ ነዋ፣ እየሠራኋቸው።»

«በእጅዎ ምን ይዘው?»

«ፒያስትራ» አለች። የጋለውን የፀጉር መተኮሻ ማለቷ ነው።

«እኔንም እሱን ጆሮዬ ሥር ይዘው ቢጠይቁኝ ረክቻለሁ ነው የምለው። ደግሞ የቀሩትን ትተው የመጡትን ይጠይቃሉ እንዴ?»

እስከ ቤቷ ድረስ ስትረግመው ሄደች። ግን ልክ ነበር፣ ያናደዳትም እሱ ነው። የቀሩትን ደንበኞች ቤት ለቤት ሄዳ እንድታነጋግር ታናሽ እህቷን ላከች፤ ይቺ እህት ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸው እስኪያጠራጥር ድረስ ዝምተኛ ናት። ተመልሳ መጥታ አልናገርም ብላ ተሽኮረመመች።

«ተናገሪ እንጂ! ዋጋው ነው? ውሃው ቀዝቅዞባቸው ነው?»

«አፍሽ ነው፣ እታለም። ሁሉም የሚሉት አፏ ነው።»

የጓደኛዋንም ነገረቻት። «ባሌ ጥሎኝ መሄዱን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። በማግሥቱ እዚያ ቤት ፀጉሯን የተሠራች ሁሉ ሰማች» ብላ ነው የቀረችው።

ሬዲዮ ማውራቷን አስታወሰች። ለክፋት አልነበረም፤ እሷ አፍ ውስጥ የሚያድር ነገር ስለሌለ ነው። አፈረች፣ አለቀሰችም። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ረቂቁን እንደገና ጻፈችው፣ ራሷንም አልማረችም። የጓደኛዋን ታሪክ ስም ሳትጠራ አንድ ገጽ አደረገችው፤ ወሬ ማሳመሩን ታውቅበታለችና ገጹ አንጀት ይበላል። አማካሪው ሲያነበው «ይህ ብቻ ኤ ያሰጥዎታል!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ከመታተሙ በፊት አንዴ አነበበችው። የማታው ክፍል ግማሹ የሷ ደንበኛ ነው፤ ስም ኖረም አልኖረም ባሏ ጥሏት የሄደው ሴት ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ያንኑ ወሬ በጥራዝ ልታወራው ነው። ኤ ስትናፍቅ የኖረች ሴት ናት። ግን ገጹን ሰርዛ «አንዲት ደንበኛ ምስጢሯ ስለወጣ ቀረች» የሚል አንድ መስመር ብቻ አስቀረች።

ጥናቷን ቆማ በምትከላከልበት ቀን ፈታኟ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ፣ ጥራዙን አገላብጠው አገላብጠው ቀና አሉ።

«አንዲት ደንበኛ ምስጢሯ ስለወጣ ቀረች ይላሉ። ማስረጃው የታለ? የወጣው ምስጢር ምንድን ነው?»

ክፍሉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ የተቀመጠው ባሏ ሚስቱን ያውቃታልና ዓይኑን ጨፈነ።

«አልናገርም» አለች።

«ነጥብ ይቀነሳል እኮ!»

«ይቀነሳ።»

ተቀነሰ። በጭንቅ አለፈች፣ ኤውም ቀረ። ጓደኛዋ አሁንም ፀጉሯን የምትሠራው ሌላ ቤት ሄዳ ነው፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። ሬዲዮ በየጊዜው ልንገራት፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው ኤውን ያጣሁት ልበላት ትልና አፏ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ትውጠዋለች።