የአቶ ነጅመዲን ስኳርና እግር

አቶ ነጅመዲን ከመገናኛ ካራ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው መሪውን ከለቀቁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። በሩን ይከፍታሉ፣ ግቢውን ይዞራሉ፣ ይገባሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። ልጃቸው ሱንዱስም በዚህ አባቷን ወርሳለች። ጉርድ ሾላ ካለው ቢሮዋ ተቀምጣ ሐሳቧ ካራ፣ አባቷ ቤት ነው።

አንድ ጠዋት እሳቸው ደጃፍ ላይ ወድቀው ጎረቤት ካነሳቸው ጀምሮማ ጭራሽ እረፍት አጣች። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን መርፌ ይወጋሉ፤ ያን ቀን ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ሐኪሙ እየለኩ እንዲያመጡለት አዘዘ። ቢለኩም ነገሩ ግራ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ደህና፣ አንዳንድ ጠዋት ዝቅ።

"ቁርስ በሉ?" ትላለች በስልክ።

"በላሁ።"

"መርፌውንስ?"

"ተወጋሁ። አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ?"

እሁድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ከመለኪያው የስኳሩን፣ ከስልካቸው ደግሞ የእርምጃቸውን ቁጥር ወስዳ ነበር። በማግስቱ ምሳዋን ትታ ሁለቱን በኮምፒውተሯ ኤክሴል በአንድ ግራፍ ልታያቸው ተቀመጠች። የወጣላት ግን ግራ የሚያጋባ ነው፤ አባቷ ከምሳ በኋላ ብቻ የሚራመዱ ይመስላል። ስኳሩ የሚለካው አልፎ አልፎ ነው፤ ስልኩ የሚመዘግበው ደግሞ እሳቸው በተንቀሳቀሱ ቁጥር። ኤክሴል የስኳሩን ሰዓት ለሁለቱም ወስዶ የንጋቱን እርምጃ ከቀትር በኋላ ላይ ለጥፎታል።

ተነሳች፣ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች። የመስመሩን ግራፍ ትታ ስካተር የሚባለውን የነጥብ ግራፍ መረጠች፤ ለስኳሩ የስኳሩን ሰዓት፣ ለእርምጃው የእርምጃውን ሰዓት ለየብቻ ሰጠች። አሁን ታየ። ንጋት ላይ እርምጃው ሽቅብ በወጣ ቀን ሁሉ፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ስኳሩ ይወርዳል። ባልተራመዱበት ቀን አይወርድም።

አስፈቅዳ ወጥታ በታክሲ ካራ ገባች።

"አባ፣ በንጋት የት ነው የሚሄዱት?"

"ሱብሒ ሰግጄ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።" በእጃቸው የእንጦጦን ዳገት አሳዩ። "እስከ ባሕር ዛፉ።"

"መርፌ ተወግተው፣ ሳይበሉ?"

"እናትሽ ቁርስ እስክታደርስ ቁጭ ማለት አልችልማ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሄድ ነው የኖርኩት።"

ልትቆጣቸው ነበር፤ ተወችና ሥዕሉን በስልኳ አሳየቻቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

"ይሄ ሽቅብ የወጣው እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"የወረደውስ?"

"እሱም እርስዎ።"

ስልኩን መለሱላት። "እንዲህ ከሆነ አጥፍቻለሁ" አሉ።

ሐኪሙም ግራፉን አይቶ የመርፌውን መጠን አስተካከለ፤ መራመዱን አልከለከለም፣ ቁርስ ይቅደም አለ እንጂ። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም። ሱንዱስ ግን አሁንም ትደውላለች፤ ስልኩ እስኪነሳ ወንበሯ አይመቻትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትኖርበት ከመሪ ሰፈር መጥታ አብራቸው ትወጣለች። ዳገቱ ላይ እሳቸው ይቀድማሉ፤ ቆመው አይጠብቋትም።