ኪቦርዱ ዝም ሲል

የዚያን ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። ጎረቤቴ ከች አለች፤ የጠዋት ሰላምታዋን፣ አካም ቡልታን እንኳ ሳትለኝ፣ «አዴ፣ ያ ተከራይዎ የታለ?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ስንጎራበት እንዲህ ሆና መጥታ አታውቅም።

ተከራዬ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ነው። ጓሮ ያለችው ክፍል ከገባ አራት ዓመቱ። አምና እዚያችው ክፍል ውስጥ አልበም ሠራ፤ ጃዝ ነው ይላል። መጀመሪያ ያሰማኝ ጊዜ ጠበቅሁ ጠበቅሁና፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አልኩት።

«ዘፋኝ የለውም፣ ሃርሜ» ብሎ ሳቀ፤ እንደ እናቱ ነው የሚጠራኝ።

አንዱ ዜማ ላይማ ዝናብ የኔን ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል! እንዴት ነው ዘፈን ያለ ዘፋኝ የሚሆነው እያልኩ ስጠይቀው ከረምኩ። ደግሞ አየሽ፣ ከጊምቢም ከደምቢ ዶሎም ኪቦርድ ተጫዋቾች እየመጡ አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያንኑ ይሰማሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው። ምን አገኙበት? እሱ ነው የገረመኝ።

ጎረቤቴን ያናደዳት ከነዚሁ ሰሚዎች አንዱ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሠፈር የሚኖር፣ ሠርግ እየተጫወተ እናቱን የሚጦር ልጅ። ቅዳሜ የልጇን ሠርግ እሱ ነበር የተጫወተው። ድሮ የኪቦርዱን ሪትም ይከፍትና ዱም ዱም ሲል ይውላል። አልበሙን ከሰማ ወዲህ ግን ሪትሙን ዘጋው። ይጫወት ይጫወትና መሃል ላይ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ሠርገኛው መብራት የሄደ መሰለው! የሙሽራይቱ አጎት ሮጦ ጀነሬተር አስነሳ። ልጁ ሁለተኛ ዝም ሲል አጎትየው ጀነሬተሩን በእግሩ ረገጠው።

«አማቾቼ ፊት አዋረደኝ» አለች ጎረቤቴ። «ሐሙስ መልስ ነው። ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

ነቀምቴ ወሬ አይደበቅባትም። ከመልስ የተባረረን ተጫዋች ማን ደግሞ ለሠርግ ይጠራዋል? ተከራዬ ከክፍሉ ሆኖ ሰምቷል፤ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ልጁን ደውሎ አስመጣውና፣ «ለምናቸውና ሐሙስ እንደድሮህ ተጫወት። በኔ ምክንያት እንጀራህን እንዳታጣ» አለው።

«እንዴት አድርጌ? አንዴ ሰምቼዋለሁ እኮ!» አለ ልጁ።

እኔ አላስቻለኝም። «ቆይ፣ ዝም የምትሉት ምን ልትሰሙ ነው?» አልኳቸው።

ተከራዬ ኪቦርዱን አወጣ። «እኔ ልጅ ሆኜ መንደራችን ሰው ሲጨፍር የሚመራው ጭብጨባው ነበር። ሪትም ከመጣ ወዲህ ሰው እጁን ረሳ። እኔ ቦታውን ለቀቅሁለት፣ ሃርሜ። የሚሞላው ሰው ነው።»

ተጫወተ፤ ዝም አለ። በርበሬ የነካውን እጄን ጧ! አደረግሁት። ልክ ገባ! እኔ ራሴ ከጎጃም ተድሬ የመጣሁ ሰሞን እዚህ አገር ሠርግ ላይ በእጅ ብቻ ነበር የሚጨፈረው። እንዴት እንደተወነው እንጃ።

ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። «ሐሙስን ብቻ ስጪው። ዝም ሲል እኔ አለሁ» አልኳት።

«ባያምርስ?»

«ያኔ እኔን ስደቢኝ።»

ሐሙስ ዕለት አማቾቿ ከጊምቢ መጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ልጁ ተጫወተና ዝም አለ። እኔ ለብቻዬ አጨበጨብኩ። አንዷ ኮረዳ፣ «ማዘር ምን ሆኑ?» ስትል ሰማኋት። ሁለተኛም ለብቻዬ። የልጁ ጣት ወደ ሪትሙ ቁልፍ ሲሄድ አየሁ። ግን መለሰው። ሦስተኛው ላይ የሙሽራው አያት ዱላቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው ተነሡ። መዳፋቸው እንደ ጣውላ ነው የሚጮኸው! ከዚያ የጊምቢ ሰው ሁሉ ተከተላቸው፤ ጭብጨባው ልጁን ቀድሞ መሄድ ጀመረ፣ እሱ ነው የሚከተለው።

እንግዳው ተሸኝቶ ወንበር ስንሰበስብ ጎረቤቴን፣ «እህስ?» አልኳት።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አዴ፣ እኔ አሁንም አልወደድኩትም» አለችኝ። «ግን አማቾቼ ሲወጡ፣ ‹ይሄን ልጅ ከየት አመጣችሁት? እኛም ሠርግ አለብን› አሉኝ። ‹የሠፈራችን ልጅ ነው› አልኳቸው።»