በሊትር አሥራ አንድ ተኩል

በቀል ደግ ነገር ነው ብዬ ልጆቼን አስተምሬ አላውቅም። ያስተማርኳቸው ተቃራኒውን ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለአራት ወር ያህል ቂም ይዤ ተኝቼ ቂም ይዤ ተነስቻለሁ። ይህን ደብቄ ሌላውን ብቻ ብጽፍ የምጠላውን ሰው እሆናለሁ።

ቄራ በእንጨት ሥራ ሠላሳ ዓመት ከኖርኩ በኋላ አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና ገዛሁ። አዲስ አይደለችም፣ አሮጌም አይደለችም። አንድ ዓመት ብቻ የተነዳች፣ የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተገፈፈ ነበረች። የሸጠልኝ ሰው የእድራችን አባል ነው። እኩያዬ ነው፤ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ የሠራ፣ ዲፕሎማ ያለው፣ በስብሰባ ላይ ሲናገር ሁሉም ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሰው። ከመግዛቴ በፊት የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?»

«ሃያ።»

«ከተማ ውስጥ?»

«ከተማ ውስጥ! ኡራኤልን! ሃያ ካልሄደች መልሰህ ደጄ ላይ አቁማት።»

እኔ ለመሐላ ያለኝ አክብሮት ለውል ካለኝ ይበልጣል። በደጁ በየቀኑ በምናልፍበት ታቦት የማለን ሰው አልጠራጠርም። ተማምኜ ወሰድኳት።

ሥራዋ ቀላል ነበር። በየጠዋቱ ሴት ልጄን ካዛንቺስ ቢሮዋ አደርሳለሁ፣ ወደ ቄራ እመለሳለሁ፤ ማታ እሷ በታክሲ ትመጣለች። ደርሶ መልሱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል፣ ግማሹ ተሠርቶ አምሯል፤ መጨናነቁ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

የሚነገረኝን ሁሉ ካልለካሁ አላምንም። እንጨት ያስተማረኝ ይህንን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መለካት ጀመርኩ። አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። ኡራኤል አጠገብ ካለ አንድ ማደያ ሄጄ ሰልባቲዮዋን፣ የቤንዚን ጋኗን፣ አስሞላለሁ፤ የመቅጃው አፍ ራሱ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ አቁም እላለሁ፤ አንዲት ጠብታ አላስጨምርም። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አደርጋለሁ። ሳምንት ነድቼ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ እመለስና ጠቅ እስኪል አስሞላለሁ። የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው። ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ ማካፈል ነው። ከዚህ የቀለለ ሂሳብ የለም።

አሥራ አንድ ተኩል ወጣ።

ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩ። ከአሥራ አንድ ተኩል ጥቂት ያነሰ። ጎማዎቹን አስነፋሁ፤ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላዎቹንና የአየር ማጣሪያውን አየ፤ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ናት» አለኝ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ለካሁ። ያው ነው።

ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ኡራኤል አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ደብተሩን ዘረጋሁለት። መነጽሩን እንኳ አላወጣም።

«ማነው ይህን ሂሳብ ያስተማረህ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «የሥጋ መጠቅለያው ነው?»

ሳቁ።

ይህ አነጋገር ለምን እንደወጋኝ መናገር አለብኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ልጅ ሆኜ ቄራ ሥጋ ቤት ስሠራ ማንበብን ያጠናሁት ሥጋ ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ደም ያልነካውን ጥግ እየቀደድኩ። ማካፈልን ደግሞ ከልጆቼ ደብተር ተማርኩ፤ ሲተኙ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሳላፍር። ይህን ለማንም አልናገርም። ለእሱ ግን አንድ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነግሬው ነበር። አምኜው።

ከጠረጴዛው ላይ ደብተሬን አነሳሁና ወጣሁ። የሃያው ነገር ቀረ። የምፈልገው ሌላ ነገር ሆነ። ያ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ሂሳብህ ልክ ነው እንዲለኝ ፈለግሁ። ሲለኝም እንዲመረው።

ጊዜው ተመቸኝ። የእድራችን የቆየው ሰብሳቢ ደክሞት ሊለቅ ነበርና አዲስ ይመረጣል፤ ሁሉም የሚያስበው እሱን ነው። እሱም ያውቃል፤ ሰላምታው ሁሉ ረዝሞ ነበር። ወንበሯን ከሥሩ እስባታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ልጄ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ቂም አትያዙ የሚሉን።»

«ይህ ቂም አይደለም፣ እውነት ነው።»

«እሺ፣ ማለቴ… እውነቱ ሁሉ ደብተሩ ላይ አለ? ጠዋት ጠዋት እኮ…»

«አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?»

ዝም አለች። ልጆቼ እንደዚህ ስላቸው ዝም ይላሉ። ያኔ በዚህ እኮራ ነበር።

በወሩ ስብሰባ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ስለ ድንኳኑ ጥገና ሊያወራ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሰብሳቢ ከመምረጣችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «በኡራኤል ስም በውሸት የማለ ሰው የሟች ቤተሰብ አደራ ይሰጠዋል ወይ?»

ደብተሬን ከፍቼ አራቱን ልኬት አነበብኩ። የሻጩ ፊት ቀላ። ተነስቶ «እሱ መንዳት አያውቅም እንጂ መኪናዋ ሃያ ትሄዳለች!» ሲል ከኋላ አንዱ «ታዲያ በምን ትሄዳለች፣ በውሃ?» አለና ሰው በሳቅ ፈነዳ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ሠርግ ነበር።

ነገሩን የቋጨው የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ትንሽ የሚናገር፣ ስም ሲጠራ እንኳ ድምፁን የማያነሳ ሰው። «ምርጫው ለሚመጣው ወር ይቆይ» አለ። «ስድስት ቀን ሻጩ ይንዳት። ከገዢው በር ተነስቶ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት። ገዢው አጠገቡ ተቀምጦ ይቁጠር። ሲሞላ እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ሁለታችንም ተስማማን። እያንዳንዳችን ሌላው የሚዋረድ መስሎን።

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ጸሐፊው ባለበት ጠቅ እስኪል አስሞልተን መቁጠሪያውን ዜሮ አደረግን፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻጩ በሬን አንኳኳ። እኔ እንደ ልማዴ መኪናዋን አስነስቼ ጸሎት ላይ ነበርኩ። ልማዴን ልግለጽ። በወጣትነቴ የአሠሪዬን እንጨት መጫኛ ፒክአፕ እነዳ ነበር። ያቺን መኪና ሳያሞቁ ማንቀሳቀስ አይሞከርም፤ ትጮሃለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መኪና ሳላሞቅ ነድቼ አላውቅም። ስለዚህ በየጠዋቱ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ገብቼ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ፣ ስጨርስ ሞተሩም ሞቋል። ሁለቱንም በሥርዓት።

እሱ ግቢ ገብቶ የሚጮኸውን ሞተር አየ። አጠፋው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ፈተናው የእኔ ነው» አለኝ ስወጣ። «ቁልፉ እስከ ቅዳሜ እኔ ጋ ያድራል።»

«ቀዝቃዛ ሞተር ልትነዳ ነው? ግደላት!»

«የእኔ በነበረችበት ዓመት ሞተች?»

አስነስቶ ወዲያው ወጣ፤ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ ነዳ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። እሷን አውርደን ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ የቀረነው ሁለት ጠላቶች ነን። ከካዛንቺስ ቁልቁለቱን ስንወርድ አላስቻለኝም።

«ማርሹን አውጣው እንጂ! በፎሌ ልቀቃት፣ ቤንዚን ትቆጥባለች።»

«ይህ የድሮ መኪና ዘዴ ነው። ይቺ በማርሽ ስትወርድ ቤንዚኑን ራሷ ትዘጋለች። መጽሐፏን አላነበብክም?»

መጽሐፏ ከነላስቲኩ መሳቢያው ውስጥ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው። እሱም ያውቃል። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ለጸሎት ቆምኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ጀመርኩ፤ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። የጎደለኝ ነገር የሞተሩ ድምፅ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ አንደበቴ አንዱን እያለ ልቤ ሌላውን ማስላት ጀመረ። ጸሎቴ ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሞተሩ ይሠራል። ሃያ አምስት ደቂቃ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ምንም። ቤንዚኑ ይቃጠላል፣ መቁጠሪያው ቆሟል። በየቀኑ። ደብተሬ ላይ ኪሎ ሜትር አለ፣ ሊትር አለ፤ ጸሎቴ ግን የለበትም።

ልጄ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ አገኘችኝ።

«አንቺ ይህን ታውቂ ነበር» አልኳት።

«ልነግርዎት ጀምሬ ነበር፣ አባባ።»

«ለምን አልጨረስሽም?»

«ምን ልበል? ጸሎትዎን ያሳጥሩ ልበል?»

ያ የምኮራበት ዝምታ ስንት እንዳስከፈለኝ ያን ጠዋት ገባኝ። ግን ልቤ እንደተመለሰ አድርጌ አልጽፍም። አልተመለሰም። ያሰብኩት ቅዳሜ ሰውየው ሃያ እንዳያመጣ ብቻ ነው። በየቀይ መብራቱ ቆመን ስንጠብቅ መጨናነቁን አመሰግን ነበር። ደምበል አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል ስንገተር፣ እሱ መሪውን በጣቱ ሲመታ፣ እኔ በውስጤ እስቅ ነበር።

ቅዳሜ ማደያው ደረስን። ጸሐፊው ቆሞ ይጠብቀናል። ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር። ቀጂዋ ልጅ የመቅጃውን አፍ አስገባች፣ ቁጥሩ ሮጠ፣ ጠቅ አለ። አምስት ነጥብ ስድስት። ያን ጊዜ አንድ ቃል ከአፌ ወጣ፤

«ጨምሪበት።»

«ጠቅ ብሏል እኮ ጋሼ። ይፈሳል።»

ትንሽ ብትጨምር ቁጥሩ ለእኔ ያዳላ ነበር። አራት ጊዜ ስለካ አንዲት ጠብታ ያላስጨመርኩ ሰው ነኝ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ሻጩም ሰምቷል፤ ግን ያልሰማ መስሎ ወደ መንገዱ ዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ይብቃ» አልኳት።

እሁድ በአዳራሹ መቀመጫ ጠፋ። ተነሳሁ፤ ደብተሬን ይዤ፣ ግን ሳልከፍተው።

«ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር፣ አምስት ነጥብ ስድስት ሊትር። ሲካፈል አሥራ አምስት ነው። ሃያ ብሎ ምሏል፤ ሃያ አይደለም። አምስቱን ዋሽቷል።» ትንፋሽ ወሰድኩ። «እኔ አሥራ አንድ ተኩል ብያለሁ። አልዋሸሁም፤ ግን በየጠዋቱ ሞተሩን አስነስቼ ጸሎት እገባ ነበር። የቀረውን እኔ ነኝ በቆመችበት ያቃጠልኩት። ትናንትም ማደያው ላይ ጨምሪበት ብያለሁ። ጸሐፊው ሰምቷል።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ከኋላ ያው ሰው፣ «ታዲያ ጸሎቱ ወደ ላይ የወጣው በጭስ ነዋ!» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። ቆሜ ተቀበልኩት።

ሳቁ ሲበርድ ወደ ሻጩ ዞርኩ። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። አንተ ዲፕሎማ አለህ። ሂሳቡ ልክ ነው ወይስ አይደለም?»

ስልኩን አውጥቶ አካፈለ፤ ያወቀውን ለማዘግየት እንጂ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

«ልክ ነው» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ሂሳቡ ልክ ነው! የመጀመሪያውም ልክ ነበር።»

መረረው። አየሁት። አራት ወር የጠበቅኩት ይህንን ነበር፤ ጣፋጭ ነበር፤ ግን የጠበቅኩትን ያህል አልቆየም።

ሰብሳቢ የሆነው ጸሐፊው ነው። በስብሰባ ቀን እኔና ሻጩ አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ባለፈው ጊዜ ጠጋ ብሎ፣ «በሊትር ስንት ደረሰች?» አለኝ።

«አሥራ አምስት። አሜን ካልኩ በኋላ ነው የማስነሳው።»

«እንግዲህ ታረቅን ማለት ነው።»

«አምስቱን ኪሎ ሜትር ስትመልስ» አልኩት። እስካሁን አልመለሰም።