የፈረስ ጋጣ ያልኩት ቤት

በረዳት አናጢነት በተቀጠርኩ ዕለት፣ ቡታጅራ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የአሮጌውን የድንጋይ ቤት በር እንድገጥም ታዘዝኩ። የጥገና ክፍል ኃላፊው አቶ ጌታቸው ከጎንደር የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። በሩን በመላጊያ ላግኩ፣ ማጠፊያውን መትቼ ገጠምኩት። መጥተው ገፉት፤ እምቢ አለ። ሳቡት፤ እምቢ አለ።

«ነስሩ፣» አሉኝ፣ «በር ስልህ ግድግዳ ሠራህልኝ?»

ነቅዬ እንደገና ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የኔ ሆነ ማለት ይቻላል። ጣውላውን ቀየርኩ፣ ኮርኒሱን አደስኩ፤ ፎርማን ስሆን የዕቃ መጋዘናችን አደረግኩት።

ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ቤቱ አርጅቶ ነው የጠበቀው። ቀድሞ ምን እንደነበረ ማንንም አልጠየቅኩም። ወለሉ ወደ መሃል ያዘነበለ ነው፣ የውሃ መውረጃ አለው፣ ግድግዳው ላይ የብረት ቀለበቶች አሉ። ፈረስ ካልታሰረበት ምን ሊታሰርበት ነው? የፈረስ ጋጣ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥርም እጨምርበት ነበር። መጀመሪያ የአንድ ባላባት ጋጣ ነበር፤ ኋላ የጣሊያን መኮንኖች አስገባሁበት።

ጡረታዬ ሲቃረብ ቤቱ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ሰሚራና ዳንኤል የሚባሉ የታሪክ ተማሪዎች መጡ። የቤቱን ታሪክ አጥንተው ለአስተዳደሩ ሊያቀርቡ ነው።

«ጋሽ ነስሩ፣ ስለ ቤቱ እርስዎን ጠይቁ አሉን።»

«ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣» አልኩ።

ሰሚራ በስልኳ ስትቀዳኝ እኔም ድምፄን አሳመርኩ። ዳንኤል በሩን አይቶ፣ «በዚህ ጠባብ በር ፈረሱ እንዴት ይገባ ነበር?» አለኝ።

«የድሮ ፈረስ ቀጭን ነበር።»

ተያዩ። ሰሚራ በትህትና፣ ሌላ የዕድሜ ባለጸጋ ካለ እናናግር አለችኝ። እናቴ ዘንድ ወሰድኳቸው፤ ቃሌን ታጸናልኛለች ብዬ።

ሰሚራ «አሰላሙ አለይኩም» ብላ እጇን ሳመቻት። ስለ ድንጋዩ ቤት ስትጠይቃት እናቴ ፊቷ በራ።

«ክሊኒኩን? ነስሩን የወለድኩበትን?»

ክሊኒክ መወለዴን አውቃለሁ። ግን ሁሌም ገበያው አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ ይመስለኝ ነበር። ዳንኤል ወደኔ ዞር ብሎ፣ «እሳቸው የፈረስ ጋጣ ነው አሉን፣» አላት።

እናቴ ትኩር ብላ አየችኝ። «እኔ ታዲያ ውርንጭላ ነው የወለድኩት?»

እሷ እንደነገረችን፣ ወለሉ ያዘነበለው የወሊዱ ደም በውሃ እንዲታጠብ ነበር። ቀለበቶቹ ላይ የመጋረጃ ገመድ ይታሰር ነበር፤ አንዷ ስታምጥ ሌላዋ እንዳታያት።

ጥናቱ ለአስተዳደሩ በቀረበበት ቀን ተማሪዎቹ እናቴን በባጃጅ አመጧት። መጀመሪያ ቤቱን ልይ አለች። ገብታ መስኮቱ ሥር፣ ሣንቃ የከመርኩበት ጥግ ሄደች።

«አልጋዬ እዚህ ነበር፣» አለች። «ከአንተ በፊት የነበረችው፣ እቤት ስወልዳት ታፍና ቀረች። ባንተ ጊዜ አባትህ ጎረቤት ጠርቶ በቃሬዛ አሸከመኝ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ስትጮህ ስሰማ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩና አለቀስኩ።»

እህት እንደነበረችኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ቆቤን አውልቄ ሣንቃዬን ማንሳት ጀመርኩ፤ ሌላ የምሠራው አልመጣልኝም። ዳንኤል መጥቶ በሌላኛው ጫፍ ያዘልኝ።

ስብሰባው ላይ ሰሚራ አቀረበች፣ እናቴ ተናገረች። አስተዳደሩ ቤቱ ይታደስ ብሎ ወሰነ። ጣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው። ባልደረቦቼ ከሥር ሆነው «ውርንጭላው፣ እንዳትወድቅ!» ይሉኝ ነበር።

በጥናቱ ላይ የእናቴ ስም የመጀመሪያው ምንጭ ተብሎ ሰፍሯል። የኔን ፈልጌ ምስጋናው ውስጥ አገኘሁት፤ ከባጃጅ ሹፌሩ ቀጥሎ።

አዲስ ለምትቀጠሩ የምለው ይኼ ነው፦ አንድ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ መሥራትና ቤቱን ማወቅ ይለያያሉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለም ሂዱና ጠይቁ።