ለእንግዳ የተቀዳ ውሃ

የልጅ ልጆቼ «ያንን የውሃውን ጥናት ነገር ንገሪን» እያሉ ከያዙኝ ሰነበቱ። መናገሩንማ ስንቴ ተናገርኩት፤ አሁን ደግሞ «ጻፊው» አሉኝ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ የቆምኩት ልጆቼን ለማድረስ ብቻ ነው። እጄ ይዘገያል እንጂ እጽፋለሁ።

ልጆቼ አንዱ ሰበታ፣ አንዷ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ ናቸው። እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋምና ከአንዱ ወደ ሌላው ስዞር እኖራለሁ። ሰበታ ሳለሁ ነው እንግዲህ፣ ጤና ጥናት ላይ የምትሠራው የልጅ ልጄ መጥታ «እማዬ፣ ሰፈሩን ሁሉ ታውቂው የለ? ቤት እያሳየሽ ምሪን» ያለችኝ። ሰፈሩ በተፍኪ መንገድ ወጣ ብሎ ነው። የሚመረምሩት ሕፃናት የሚጠጡትን ውሃ ነበር።

መሪያቸው ዶክተር ሴት ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ቤቶቹን የመረጠችው በዕጣ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ አየኋት።

«ጥቂት ቤት አይታችሁ ስለ ሰፈሩ ሁሉ ልትናገሩ ነው?» አልኳት።

«እማማ፣ እርስዎ ጤፍ ሲገዙ ጆንያውን ሁሉ ያፈሳሉ?»

ከጫንጮ ጤፍ እያመጣሁ ሱሉልታ ስሸጥ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። «ኧረ አላፈስም! ከአፉም ከመሃሉም ከሥሩም እዘግናለሁ። ከአፉ ብቻ ካየሁማ ነጋዴው ጥሩውን ከላይ አድርጎ ጉድ ይሠራኛል።»

«እኛም ይኸው ነው ሥራችን። ዕጣው እጃችን ወደሚወደው እንዳይሄድ ነው።»

ስንት ዘመን በጣቴ የሠራሁትን ነገር ሰው ተምሮት ዶክተር ይሆንበታል ብዬ አስቤም አላውቅ። ያን ቀን ጣቶቼን ደጋግሜ አየኋቸው።

ሌላም ነገር ጠየቅሁ። «ስለ ጉልበት ሕመምስ አትጠይቁም? እዚህ ሰፈር ጉልበቱን የማያመው አሮጊት የለም።»

የልጅ ልጄ ሳቀች። «ገንዘቡን የሰጡት ባዕዶች ናቸው፣ እማዬ። የሚጠየቀውን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የሰፈሩን የውሃ ቦኖም ያሠሩት እነሱ፤ ሕፃናቱን ከተቅማጥ አዳነ ወይ ብለው ሊያዩ ነው።»

ለካ ጥያቄም ባለቤት አለው! ቦኖው ግን ውሃ የሚመጣበት በሳምንት አንድ ቀን ነበር። በሌላው ቀን ሰው ወንዝ ይወርዳል። ይህ በወረቀት ካልወጣ ደግሞ ቦኖውን ዞር ብሎ የሚያይ አይኖርም። ዕጣ ከወጣላቸው አንዷ እናት ልጇ ተቅማጥ እየተመላለሰባት የሕፃኗ አንገት እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነበር፤ ስለ እሷ ስል ነው ከፊት ከፊት የሄድኩት።

ታዲያ በዋዜማው ቤት ለቤት ዞርኩና «ነገ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። በእኛ አገር ሰው ቤት ዱብ አይባልም። በማግስቱ ግቢው ሁሉ ተጠርጎ ጠበቀን። የጥናቱ ልጆች ከየጀሪካኑ በትንንሽ ጠርሙስ ቀዱ። ጠርሙሱ ውስጥ ወረቀት አለበት፤ ውሃው ቆሻሻ ከሆነ ይጠቁራል፣ ንጹሕ ከሆነ እንዳለ ይቀራል። ሁለት ቀን ቆይተው ሲታዩ አንድም አልጠቆረም። የልጅ ልጄ «ቦኖው ሠርቷል!» አለች፤ እኔም አብሬያት ተደሰትኩ።

በሳምንቱ ያቺን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ሕፃኗ ጭራሽ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ውሃችሁ ንጹሕ ነው ተባለ እኮ!» አልኳት።

«አኮ ኮ፣» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «እርስዎ እንግዳ ይመጣል ብለው እኔ የወንዝ ውሃ ላቅርብ? ከአስፋልቱ ማዶ ቧንቧ ካላቸው ሰዎች አንድ ጀሪካን ለምኜ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ሰፈራችንን ልናሰድብ ነው እንዴ?»

ክው አልኩ። ጥሩውን ከላይ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ለልጅ ልጄ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። «እማዬ፣ ምን አደረግሽን! ሥራችንን ገደል ከተትሽው እኮ!» እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ሰበታ ቢሯቸው ሄጄ ለዶክተሯ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቶ የነበረውን ደብዳቤ አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው።

«ይህን ማን ያውቃል፣ እማማ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«ከእኛ በቀር በሉኛ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወረቀት ሳበችና ያልኩትን ቃል በቃል ጻፈች፤ አነበበችልኝ፤ አስፈረመችኝ፤ «ከጥናቱ ጋር አብሮ ይወጣል» አለችኝ። እኔ ያደግሁት ጥፋት ሲሸፋፈን እያየሁ ነው። ጥፋትን ጽፎ፣ ከሥራው ጋር አስሮ ለዓለም የሚያሳይ ሙያ መኖሩን ሳይ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝና ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«አሁን ዕጣው እንደገና ይወጣል፤ የምንሄድበትን ቀንም ማንም አያውቅም» አለችኝ። «እርስዎ ደግሞ እባክዎ ቡራዩ፣ ልጅዎ ጋ ይሂዱልን።»

ሄድኩ። ስመለስ ጠርሙሶቹ ቢሯቸው መስኮት ሥር ተደርድረዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ጥላሸት መስለዋል። በዓይን ሲታይ ጥሩ የነበረ ውሃ! ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤትም መጥቶ አየ፤ ቆይቶ የቦኖው ፓምፕ ተቀየረ። ያቺ ሕፃን ዛሬ እንደ ፌንጣ ስትዘል ትውላለች። ዶክተሯ ግን ከዚያ ወዲያ ሰፈራችን አልተመለሰችም፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ነው የልጅ ልጄ የነገረችኝ። እኔ ቢሮ በገባሁበት ጠዋት ከገንዘብ ሰጪዎቹ ለዶክተሯ የመጣ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ቦኖው መሥራቱ ስለታየ የሚቀጥለውን ትልቅ ጥናት ለእሷ ሰጥተናል ይላል። እውነቱ ሲወጣ ጥናቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ በሩን ሳንኳኳ አንብባ ጨርሳው ነበር።