ሦስቴ ያልተጠየቅሁበት ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሺራ ከትምህርቷ መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ነርስነት ነው የምትማረው። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ስለ አንዲት ተመራማሪ ነግሯቸው ኖሮ ደስታዋ ሌላ ነው። "እማ፣ ተመልከቺ፣ ከእኛ ናት፣ ከጎንደር። ይሄ ሁሉ የሷ ማአማር ነው" አለችኝ። ማአማር የምትለው በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነው። ዝርዝሩን በጣቷ ወደ ላይ ብትገፋው ብትገፋው አያልቅም። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ስንት ሌላ ተመራማሪ እንደ ጠቀሰው በቁጥር ተቀምጧል።

እኔም እንደ አዲስ ነገር መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። ውሸቴን ነው። ያንን ገጽ ስንት ዓመት ሙሉ ተደብቄ ሳየው ኖሬአለሁ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ተራ ስይዝ። እንግሊዝኛውን አላነበውም፣ ቁጥሩ ግን ይገባኛል። ከሁሉም ይበልጥ የተጠቀሰው የመጀመሪያ ጽሑፏ ነው፤ ያ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቅናቴ ይብስብኛል። የሴትዮዋ ስም ትርንጎ ነው። አብሮ አደጌ ናት።

ትርንጎና እኔ ከጎንደር የመጣነው በአንድ ዓመት ነው። ኔቬ ዮሴፍ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ሰፈርን፤ እነሱ ከላይ፣ እኛ ከታች። በሒሳብ እበልጣት ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለን አባቴ ሞተ፣ እናቴ ወገቧን ታመመች፣ እኔም ትምህርቱን ትቼ ሥራ ገባሁ። እሷን አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዷት። ለበዓል በመጣች ቁጥር ዕብራይስጧ ይበልጥ ተስሎ፣ ቦርሳዋም በመጽሐፍ ከብዶ ነበር፤ እኔ የቦርሳዋ ክብደት እንኳ ያስቀናኝ ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ካርሜል ተራራ ላይ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንዱን ሳምንት እኔ፣ አንዱን ሳምንት ሉባ የምትባል ከሩሲያ የመጣች ሴት ጠርሙሱንና ቱቦውን እናጥባለን። ሉባ ቶሎ እንዲደርቅላት በአሴቶን ታለቀልቀው ነበር፤ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ ነው። እኔን ሽታው ራሴን ስለሚያመኝ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። እናቴም ብትሆን ዕቃ እሳት ካልጎበኘው ደረቀ አትልም ነበር።

ሁለት ዓመት እንደ ሠራሁ አንድ ጠዋት ትርንጎ ነጭ ጋዋን ለብሳ ገባች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ እዚያው መጥታ ኖሯል። እኔም ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ግን የኔ ኪስ የላስቲክ ጓንት፣ የሷ ኪስ እስክሪብቶ ነው የያዘው። አገላብጣ ሳመችኝና ለሰዎቹ "እህቴ ናት" አለቻቸው። ከልቧ ነበር። እኔ ግን እንደ ምጽዋት ቆጠርኩት፣ ቀኑን ሙሉም ሳኩርፍ ዋልኩ።

ሥራዋ ሁለት ፈሳሾች አዋህዶ አንድ ነጭ ዱቄት ማውጣት ነበር። ዱቄቱ አንዱን ሳምንት ይወጣል፣ ሌላውን ሳምንት እምቢ ይላል። ክረምቱ በዚሁ ሊያልቅ ደረሰ። አለቃዋ የነበሩት ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ ዱቄቱ እስከ ፋሲካ ድረስ በፈለጉት ቀን ሁሉ ካልወጣ ይህን ርዕስ ትጥያለሽ አሏት። እኔ ግን ነገሩ ከገባኝ ቆይቷል። የሚወጣው በኔ ሳምንት፣ የሚጠፋው በሉባ ሳምንት ነበር።

አልተናገርኩም። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አፌን ዘጋሁ። እሷ ዓይኗ ቀልቶ ያንኑ ነገር ስትደጋግም፣ እኔ መስኮቱ ሥር ዳቦ በአቮካዶዬን እየበላሁ አያታለሁ። ውጪ ዝናቡ የካርሜልን ጥድ ይወርድበታል፣ ውስጥ ሆዴ "እሰይ" ይላል። በኋላ የነገርኳትም አዝኜላት አይደለም። እንደዚህ ያለ ነገር አውቆ፣ ማወቅህን የሚያውቅልህ ሰው ማጣት ራሱ ያንገበግባል። አንድ ቀን ማጠቢያው አጠገብ ጠራኋትና ጥፋቱ ከአሴቶኑ ይመስለኛል አልኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ። ግማሹን ጠርሙስ በኔ መንገድ፣ ግማሹን በሉባ መንገድ አጥቤ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ደጋገመችው፤ ዱቄቱ የወጣው በኔዎቹ ብቻ ነበር። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

ጥቂት ቆይቶ፣ ዝናቡ ያባራ ዕለት፣ ዓርብ ከሰዓት ቤታችን መጣች። የሰንበቱ ዳቦ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሽታው ደረጃው ድረስ ይጣራል። እናቴ ቆርሳ ብታቀርብላት በልቻለሁ አለች። ብትደግምላት ጠግቤአለሁ አለች። "በሞቴ" ስትላት ጊዜ ሦስት ቁራሽ በምስር ወጥ አነሳች። ያሳደጉን እንዲህ ነው። ሰው ሲሰጡት ወዲያው እጁን አይዘረጋም፤ አንዴ ሁለቴ ይግደረደራል፣ ሰጪውም ይህን ስለሚያውቅ ሦስተኛ ይለምነዋል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ይህን አላስረሳትም ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

እናቴ ጓዳ ስትገባ ትርንጎ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ያይሽ፣ ጽሑፉ ላይ ስምሽን ከስሜ ቀጥሎ ላስገባው። ፕሮፌሰሩም ይስማማሉ።"

"ኧረ ተዪኝ፣ እኔ ምን ሠራሁና። ጠርሙስ ነው ያጠብኩት።"

"እንደሱ አትበዪ። ያላንቺ አይሆንም ነበር። ላስገባው?"

"ተዪው ባክሽ፣ ድካሙ ያንቺ ነው።"

ከዚያ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። እሺታዬን ምላሴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። እሷ ግን "ቤሰደር" አለች፤ ይሁን ማለቷ ነው። ሰንበት ሲገባ አውቶቡስ ስለሚቆም፣ ወደ ተማሪዎች ማደሪያዋ የሚወስደው እንዳያመልጣት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም ደረጃው ድረስ ሸኘኋት፣ ሳምኳትም።

ጽሑፉ በበጋው ወጣ። የሷና የፕሮፌሰሩ ስም ከላይ፣ ከታች ደግሞ ለቤተ ሙከራው ሠራተኞች አንድ መስመር ምስጋና። ቤተ ሙከራውን ተውኩና ቲራት ካርሜል በሚባል ከተማ ፋብሪካ ገብቼ መድኃኒት ማሸግ ጀመርኩ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ። ትርንጎ ዶክተር ሆነች፣ ባሕር ማዶ ሄዳ ተመለሰች፣ ዝርዝሯም ረዘመ። በሰርግና በልቅሶ እንገናኛለን፣ እንሳሳማለን፣ ስለዚያ ዓርብ ግን አንዳችንም አንስተን አናውቅም። እኔን የበላኝ አንድ ነገር ነው፤ ዘንግታው ነው ወይስ አውቃ?

ባለፈው ሳምንት፣ ያን ስልኳን ባሳየችኝ ቀን፣ ሺራ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ታነባለች። "የሚገርመው፣ ሰው የሚጠቅሰው ለዱቄቱ አይደለም" አለችኝ። አስተማሪዋ እንደ ነገራቸው ዱቄቱን ዛሬ ማንም አይሠራበትም፤ የሚጠቅሱት ስለ ዕቃው አስተጣጠብ የተጻፈውን አንድ አንቀጽ ነው። ተረጎመችልኝ። ጠርሙሱ አሴቶን እንዳይነካው፣ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ በምድጃ እንዲደርቅ ይላል። ደግመሽ አንብቢልኝ አልኳት። ያን ሁሉ ዘመን ስቀናበት የኖርኩት ቁጥር ለካ የራሴ እጥበት ነበር።

ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለትርንጎ ደወልኩ። ሰላምታውንም አላስረዘምኩት።

"ትርንጎ፣ ያን ዓርብ ለምን ሦስተኛ አልጠየቅሽኝም?"

የቱ ዓርብ አላለችም።

"እሺ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው" አለች። "አምስት ዓመት ተምሬ ያላየሁትን አንቺ ዕቃ እያጠብሽ አየሽው። ቀናሁብሽ፣ ያይሽ።"

ስንት ዓመት ያጠናሁትን ስድብ ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጽሔቱ ማረሚያ እንደሚያወጣ፣ ስሜ ሁለተኛ ሆኖ እንዲገባ ልትጽፍላቸው እንደምትችል ነገረችኝ። ልጻፍ ወይ ብላ ሳትጨርስ እሺ አልኳት።

መጽሔቱ እስካሁን መልስ አልሰጣትም። ሺራ በየጠዋቱ ገጹን እየከፈተች ታያለች፣ እኔም አሁን ሳልደበቅ አብሬያት አያለሁ። ስሜ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ሁለተኛ መሆኑ ደግሞ ከወዲሁ ቅር ብሎኛል፣ ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። ግን እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ከማረሚያው ይልቅ ያሳረፈኝ ያ ቀናሁብሽ ያለችው ነው። ቅናቱን ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር።